ኤሲ ጋዝ አይበላም

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

ዛሬ ስለ መኪና ኤሲ እንነጋገራለን።

አዲስ አበባ ውስጥ ለሚነዳ ሰው ኤሲ ብዙም ትዝ አይለውም። መስኮቱን ዝቅ ካደረገ የእንጦጦ ነፋስ ይበቃዋል። ነገሩ የሚመጣው ቁልቁል መውረድ ሲጀመር ነው። ሞጆ ታልፎ፣ አዳማ ታልፎ፣ መተሐራ ላይ በሰቃ ሐይቅ ዳር ሲደረስ በመስኮት የሚገባው ነፋስ ከምጣድ ሥር እንደሚወጣ ወላፈን ፊት ይጠብሳል። ሾፌሩ ያኔ ኤሲውን ያስታውሳል። ቁልፉን ይጫናል፣ መብራቷ ትበራለች፣ ፋኑ ይጮኻል፤ የሚወጣው ግን ያው ሙቀት ነው። መንገዱ ከአዋሽ ወደ ሚሌ፣ ወደ ሎጊያና ወደ ሰመራ ከሆነ ደግሞ ዋናው ሙቀት ገና ከፊቱ ነው። ሙቀት ሾፌርን ያደክማል፣ ያፈዛል፣ እንቅልፍ ይጠራበታል። ከኋላ የተቀመጠ ሕፃን ወይም አዛውንት ካለማ ጉዳዩ ከምቾት አልፎ የጤና ጉዳይ ይሆናል።

ጋራዥ ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ስለ ኤሲ ደጋግሜ የሰማሁት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ጋዙ አልቋል መሰለኝ፣ ሙላልኝ።» አንድ ቀን ወደ ድሬዳዋ የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር ይህንኑ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ እንደተለመደው ጋዝ ይሙሉልኝ» አለኝ። «እንደተለመደው» ያለው ነገር ከነከነኝና ስንት ጊዜ እንዳስሞላ ጠየቅሁት። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ በሌላ ጋራዥ አስሞልቷል፤ የእኔ አራተኛው መሆኑ ነው። «የበፊቱ ጋዝ የት ሄደ?» አልኩት። «ያልቃላ! እንደ ቤንዚን አይደል እንዴ?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ሦስት ጊዜ ገንዘብ ሲቀበሉት አንድም ሰው ቁጭ ብሎ አላስረዳውም።

የመኪናውን ግንባር ከፍተን ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በእጅ ባትሪ አየን። ከራዲያተሩ ፊት ለፊት ባለው ኮንዴንሰር ላይ፣ አንዱ ቱቦ የሚታሰርበት ቦታ፣ አቧራ የለበሰ የዘይት እድፍ ነበር። ሌላው ቱቦ ሁሉ ደረቅ ነው። የሳሙና አረፋ ቀባነው፤ ጥቃቅን አረፋ ቀስ እያለ ማበጥ ጀመረ። ፈትተን ስናየው ውስጡ ያለችው ቀለበት መሳይ ጎማ፣ ኦሪንግ የምንላት፣ ተጨፍልቃ ተሰነጣጥቃለች። የአንድ ምሳ ዋጋ አታወጣም። ያ ሰው ለሦስት ሙሌት የከፈለው ሁሉ በእሷ ስንጥቅ ሾልኮ አየር ላይ ተበትኗል።

ዛሬ ከምነግራችሁ ሁሉ አንዱን ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙልኝ፤ ኤሲ ጋዝ አይበላም። ሞተር ቤንዚን ያቃጥላል፣ ያረጀ ሞተር ዘይት ይበላል። የኤሲ ጋዝ ግን በዝግ ቱቦ ውስጥ ያው ጋዝ ሲዞር የሚኖር ነው። በዓመታት ውስጥ በጎማ ቱቦዎቹ በኩል ጥቂት ጥቂት ሊያንስ ይችላል። በወራት ውስጥ ካለቀ ግን የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ወደ እናቶቻችን ጓዳ እንመለስ። የእንስራ ውሃ ለምን ይቀዘቅዛል? በሸክላው ቀዳዳ በኩል ትንሽ ትንሽ ውሃ ወደ ውጭ ይወጣና ይተናል። ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ የሚወስደውም ከእንስራው ነው። ነርሷ መርፌ ከመውጋቷ በፊት በአልኮል የጠረገችው ቆዳችሁ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ኤሲም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ የተነነውን ጋዝ አይለቀውም፤ ሰብስቦ፣ ጨምቆ፣ እንደገና ፈሳሽ ያደርገዋል።

በአብዛኛው መኪና ውስጥ ያለው አር 134 ኤ የሚባለው ጋዝ ነው። በባሕር ጠለል ግፊት ይህ ጋዝ ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ይፈላል። ስለዚህ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥ ግፊቱ ዝቅ ሲልለት ፈልቶ ይተናል፤ ሲተንም የመኪናውን የውስጥ ሙቀት ይጠጣል። ኮምፕሬሰሩ ያን ጋዝ ስቦ ይጨምቀዋል። የብስክሌት ጎማ ነፍታችሁ ከሆነ ፓምፑ እንዴት እንደሚግል ታውቃላችሁ፤ ጋዙም ሲጨመቅ ይግላል። ከዚያ ግንባር ላይ ወዳለው ኮንዴንሰር ይሄዳል፣ ነፋስ ሲመታው ሙቀቱን ለውጭ አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ድራየር በሚባለው ማጣሪያ አልፎ እርጥበቱን ይተዋል፣ ኤክስፓንሽን ቫልቭ በሚባለው ጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ እንደገና ኢቫፖሬተሩ ውስጥ ይገባል። ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይትም አብሮት ይዞራል። ይህችን ነገር አትርሱብኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ፍተሻው። ብዙው ምርመራ መሣሪያ አይፈልግም፤ ዓይን፣ ጆሮና እጅ ይበቃል።

በመጀመሪያ ከዳሽቦርዱ የሚወጣው ነፋስ በቂ ነው ወይ? ነፋሱ ቀዝቃዛ ሆኖ ደካማ ከሆነ ጥፋቱ የጋዝ ላይሆን ይችላል። በብዙ መኪና ከተሳፋሪው ፊት ካለው የዕቃ ሳጥን ጀርባ የአየር ማጣሪያ አለ። እኛ አገር አቧራ ላይ የሚነዳ መኪና ማጣሪያው እንደ ደበሎ ወፍሮ አግኝቼ አውቃለሁ። እሱን አውጥቶ መቀየር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ነፋሱ በቂ ሆኖ ሙቅ ከሆነ ሞተሩን አስነሱ፣ ኮፈኑን ክፈቱ፣ ሌላ ሰው ኤሲውን ያብራ። «ጠቅ» የሚል ድምፅ መሰማት አለበት። የኮምፕሬሰሩ ማግኔት ክላቹን ሲይዘው ነው። ያኔ በቺንጋው ከሚዞረው ፑሊ ፊት ያለችው ሳህን አብራ መዞር ትጀምራለች። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ይህ ክላች የለም፣ በብዙዎቹ የከተማችን መኪኖች ላይ ግን አለ። «ጠቅ» ካላለ ፊውዙን እዩ። ሪሌውን ከጎኑ ካለ ተመሳሳይ ሪሌ፣ ለምሳሌ ከጡሩምባው፣ ጋር አቀያይራችሁ ሞክሩ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ጋዙ ራሱ አንሶ ሊሆን ይችላል፤ ጋዝ ሲያንስ ኮምፕሬሰሩ እንዳይነሳ የሚያግድ የግፊት ስዊች አለና።

እዚህ ላይ አንድ መጥፎ ልማድ አለ። ስዊቹን በሽቦ አገናኝቶ ኮምፕሬሰሩን በግድ ማስነሳት። ቅድም ያልኳችሁን ዘይት አስታውሱ። ዘይቱ የሚዞረው ከጋዙ ጋር ነው። ጋዝ ከሌለ ዘይት ወደ ኮምፕሬሰሩ አይመለስም፤ ኮምፕሬሰሩ በደረቁ ይሽከረከርና ይነክሳል። በጎማ ቀለበት የሚያልቀውን ወጪ ወደ ኮምፕሬሰር ግዢ ያሳደገው ያ ሽቦ ነው። ይህን የሚያደርግ መካኒክ ካያችሁ አስቁሙት።

ክላቹ ከያዘ ወደ ቱቦዎቹ ሂዱ። ከቺንጋውና ከፋኑ እጃችሁንና ልብሳችሁን አርቁ። ወፍራሙ ቱቦ ቀዝቅዞ ላብ ሊያወጣ ይገባል፤ ቀጭኑ ይሞቃል። ከኮምፕሬሰሩ ወደ ኮንዴንሰሩ የሚሄደው ግን እጅ ያቃጥላል፤ እሱን አትንኩ። ሁለቱም ቱቦ ለብ ያለ ከሆነ ወይ ጋዝ የለም፣ ወይ ኮምፕሬሰሩ እየዞረ አይጨምቅም። ቱቦዎቹ እንደሚገባቸው ሆነው የሚወጣው ነፋስ ሙቅ ከሆነ ደግሞ ጋዙን ተዉት፤ ዳሽቦርዱ ውስጥ ሙቁንና ቀዝቃዛውን አየር የምትለየው በር ተጣብቃለች።

ችግሩ የሚመጣበትን ሰዓትም አስተውሉ። መኪናው ሲሄድ ይቀዘቅዛል፣ መገናኛ መብራት ላይ ሲቆም ይሞቃል? እንዲህ ከሆነ የኮንዴንሰሩን ፋን ጠርጥሩ፤ ሲሄድ የመንገዱ ነፋስ የፋኑን ሥራ ይሠራለታል፣ ሲቆም ግን የሚያራግብለት የለም። ፋኑ ደህና ከሆነ የኮንዴንሰሩ ክንፎች በጭቃ፣ በአቧራና በነፍሳት ተደፍነው ይሆናል። በቀስታ በሚፈስ ውሃና በብሩሽ እጠቡት፤ የላቫጆ ከፍተኛ ግፊት ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል። መጀመሪያ ቀዝቅዞ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚደክም፣ ትንሽ አጥፍታችሁ ስታበሩት ደግሞ የሚመለስ ከሆነ ውስጥ የሆነ ነገር በረዶ እየሠራ ነው፤ ብዙ ጊዜ እርጥበት ስለገባ ነው። ከመኪናው ሥር ጠብ ጠብ የሚለው ንጹሕ ውሃ ግን አያስደንግጣችሁ፤ ከአየሩ የተለየ እርጥበት ነው፣ ጤናማ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ከዚህ በኋላ ያለው የባለሙያ ሥራ ነው። ጋራዥ ውስጥ ምን እንደሚደረግ ካወቃችሁ ግን ገንዘባችሁ ምን እንደገዛ ታውቃላችሁ።

መካኒኩ ባለ ሁለት ጌጅ መሣሪያ ይገጥማል፤ ሰማያዊው ለዝቅተኛው ግፊት፣ ቀዩ ለከፍተኛው። ሞተሩ ጠፍቶ ጌጁን ዓይቶ «ጋዙ ሙሉ ነው» የሚል ካጋጠማችሁ አትመኑት። ሞተር ጠፍቶ የሚታየው ግፊት የሙቀቱን እንጂ የጋዙን መጠን አይናገርም። በ25 ዲግሪ ሙቀት 80 ፒኤስአይ ገደማ ያሳያል፤ በ40 ዲግሪ ወደ 130 ይወጣል። ውስጡ የፈሳሽ ጠብታ እስካለ ድረስ 200 ግራምም ይኑር 500 ግራም ንባቡ ያው ነው። የወጥ ቤት ሲሊንደር ሊያልቅ ሲል እንኳ እሳቱ እንደማይደክም ልብ በሉ፤ ነገሩ አንድ ነው።

እውነቱ የሚታየው ሞተሩ ተነስቶ ወደ 1,500 ዙር ሲያዝ ነው። በ30 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ሰማያዊው ከ25 እስከ 40፣ ቀዩ ከ180 እስከ 230 ፒኤስአይ ቢሆን ደህና ነው። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ጋዝ አንሷል። ሁለቱም ከፍ ካሉ ወይ ጋዝ በዝቷል፣ ወይ አየር ገብቷል፣ ወይ ኮንዴንሰሩ አይተነፍስም። ሰማያዊው ከፍ ብሎ ቀዩ ዝቅ ካለ ብዙውን ጊዜ ኮምፕሬሰሩ ደክሟል። ሰማያዊው ከዜሮ በታች ከወረደ መንገዱ ተዘግቷል። ጋዝ የበዛበት ኤሲም እንደ አነሰበት ሁሉ አያቀዘቅዝም፤ ስለዚህ «ትንሽ ጨምርበት» ማለት መድኃኒት አይደለም።

የሚያፈሰው ቦታ በሳሙና አረፋ፣ በጋዝ ጠቋሚ መሣሪያ፣ ወይም በልዩ መብራት በሚያበራ ቀለም ይፈለጋል። ጋዙ ጨርሶ ከወጣ ቱቦው በደረቅ ናይትሮጅን ተነፍቶ ይፈተሻል። እባካችሁ የጋራዥ ባለቤቶች፣ እባካችሁ ተለማማጆች፣ ለዚህ ፍተሻ የብየዳ ኦክስጅን በፍጹም አትጠቀሙ። ኦክስጅን በግፊት ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰርም አይሆንም፤ እርጥበት ያስገባል፣ ከቀረው ጋዝ ጋር ተጨምቆም ሊቀጣጠል ይችላል። የወጥ ቤት ጋዝ የሚሞሉም አሉ። ያቀዘቅዛል፣ እውነት ነው፤ ቱቦው ዳሽቦርድ ውስጥ የተሰነጠቀ ቀን ግን ተሳፋሪው በሚቀጣጠል ጋዝ መሃል ተቀምጧል።

ሽንቁሩ ተገኝቶ ከተጠገነ በኋላ፣ ቱቦው ተከፍቶ ከነበረ ድራየሩ ይቀየራል፤ አየር የነካው ድራየር እርጥበት ጠጥቶ ጠግቧል። ቀጥሎ ቫኪዩም ይሳባል። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው፣ እኔ ደግሞ ከሁሉ የምከራከርለት ይህን ነው። ቫኪዩም ፓምፑ አየሩን ስቦ ያወጣል፤ ግፊቱ በጣም ሲወርድ ደግሞ የተደበቀው ውሃ በጋራዡ ሙቀት ብቻ ፈልቶ ይወጣል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላ የለ? ምክንያቱ ከፍታችን የአየሩን ግፊት ስለቀነሰው ነው። ፓምፑ ያንኑ እስከ መጨረሻው ወስዶ ውሃው በ20 ዲግሪ እንዲፈላ ያደርገዋል። ለዚህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያስፈልጋል። ውሃው ካልወጣ ከጋዙና ከዘይቱ ጋር ተዋህዶ አሲድ ይሆንና ኢቫፖሬተሩን ከውስጥ ይበላዋል።

በዚሁ አጋጣሚ ለአዲስ አበባ መካኒኮች አንድ ነገር ልንገራችሁ። መጽሐፉ ላይ ሰማያዊው ጌጅ ከዜሮ በታች እስከ 30 ኢንች ሜርኩሪ እንዲወርድ ተጽፏል። ያ ለባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በጣም ጥሩ ፓምፕ እንኳ ከ22 ወይም ከ23 ኢንች አያልፍም፤ ከዚያ በላይ የሚወጣ አየር የለም። ፓምፑ ደከመ ብላችሁ አትጣሉት። ፓምፑን ዝጉና ሩብ ሰዓት ጠብቁ፤ መርፌው ካልተነቃነቀ ሥራችሁ ደህና ነው፣ ከተመለሰ ግን ገና የሚያፈስ ቦታ አለ።

ጋዝ የሚሞላው በሚዛን ነው። ኮፈኑ ሥር የተለጠፈ ወረቀት የጋዙን ዓይነትና የግራሙን መጠን ይነግራችኋል፤ በትናንሽ መኪኖች ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 600 ግራም ነው። ዓይነቱን ማንበብ አይቅር። እንደ ዲኤክስ ያሉ የድሮ ኮሮላዎች የተሠሩት አር 12 ለሚባለው ጋዝ ነው፤ የእሱ ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር አይዋሃድም፣ ስለዚህ ዘይቱን ሳይቀይሩ አር 134 ኤ መሙላት ኮምፕሬሰሩን ይገድለዋል። በቅርብ ዓመታት ተሠርተው ከአውሮፓ የመጡት ብዙዎቹ ደግሞ ሌላ ጋዝ፣ አር 1234 ዋይኤፍ፣ ነው ያላቸው። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ኮምፕሬሰር የምትገዙም በእጃችሁ አዙሩት፣ የሚወጣውን ዘይት ነጭ ወረቀት ላይ አንጠባጥቡ። የብረት ብናኝ ካያችሁበት መልሱት።

የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶች ለእናንተ ነገሩ ይለያል። ኮምፕሬሰራችሁ ቺንጋ የለውም፤ የሚዞረው በመቶዎች በሚቆጠር ቮልት ነው። ወደ እሱ የሚሄደው ብርቱካናማ ገመድ ይገድላል። ያልሠለጠነ ሰው እንዳይነካው። ዘይቱም ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ልዩ ዘይት ነው፤ የተለመደው ቢገባበት ኮምፕሬሰሩን ያበላሸዋል። በብዙዎቹ መኪኖች ይኸው ኤሲ ባትሪውንም ስለሚያቀዘቅዝ ጥገናውን ለነገ አታሳድሩ።

አሮጌውን ጋዝ አየር ላይ መልቀቅ ለምን ክፉ እንደሆነም ልናገር። አር 12 የምድርን የኦዞን ሽፋን ይበላ ስለነበር በ1987 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል በተፈረመው ስምምነት እንዲቀር ተወስኗል፤ ስምምነቱን የዓለም አገሮች ሁሉ ተቀብለውታል። የዛሬው አር 134 ኤ ኦዞንን አይነካም፣ ነገር ግን በ100 ዓመት ስሌት ምድርን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,430 እጥፍ ያሞቃል። ግማሽ ኪሎ ጋዝ ለቀቃችሁ ማለት ከ700 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለቀቃችሁ ማለት ነው። ጋዙን ስቦ መልሶ የሚሞላ ማሽን አለ፤ ያለው ጋራዥ ካገኛችሁ እሱን ምረጡ። ጋዙ ዓይን ወይም ቆዳ ላይ ከረጨ ሥጋን በብርድ ያቃጥላል፣ በእሳት ነበልባል ሲያልፍ መርዝ ይሆናል፤ ስለዚህ መነጽርና ጓንት ይደረግ፣ አጠገቡ ሲጋራ አይጨስ።

ያ የድሬዳዋ ሾፌር ኦሪንጉንና ድራየሩን ቀይረን፣ ቫኪዩም ስበን፣ በሚዛን ሞልተን ሸኘነው። ደግሞ ለጋዝ አልመጣም። ሲሄድ አንድ ነገር ነገርኩት፣ ለእናንተም ልድገመው። የኮምፕሬሰሩ ማኅተም ጎማዎች የሚርሱት ኤሲው ሲሠራ በሚዞረው ዘይት ነው። ወራት ሙሉ ካልበራ ይደርቃሉ፣ ከደረቁ ያፈሳሉ። አዲስ አበባም ብትኖሩ፣ ክረምትም ቢሆን፣ በሳምንት አንድ ቀን ለአስር ደቂቃ አብሩት። ዝናብ ሲጥል መስታወቱን የሚሸፍነውን ጉምም ያደርቅላችኋል። ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ሬዲዮኑን ቀንሱ፣ ኤሲውን አብሩ፣ ያችን «ጠቅ» የምትል ድምፅ አዳምጡ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)